ጥርስ ነቃይ ስላደረጉኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የኢንተርኔት ፍለጋ ድርጅቱ የድምፅ መልስ ክፍል የበላይ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤና፣ በተለይም የጥርሳችሁን ጤና አጥብቄ እመኛለሁ። ጥርስን ለይቼ የጠራሁበት ምክንያት ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይገለጥልዎታል። እኔ መጋዝ ሞራጅ ነኝ። የአናጢዎችን መጋዝ ጥርስ እሞርዳለሁ፣ የተጣመመውንም አቃናለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንዲት ክፍል፣ በአንድ ሞርሳና በጥቂት ሞረዶች ስሠራ የኖርኩ፣ በርዎን አንኳኩቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። እርስዎ ግን የእኔን በር ስላንኳኩ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ ሳቀርብ በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

፩. ስለ ሹመቴ። የሚስቴ ወንድም ስለ ድረ ገጽ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ መጣና፣ «ሰው አሁን በጣቱ አይፈልግም፤ ስልኩን ይጠይቃል፣ ስልኩም አንድ መልስ ብቻ ይነግረዋል። ያ አንድ መልስ ካልሆንክ የለህም ማለት ነው» አለኝ። መኖር ስለምወድ ተስማማሁ። ድረ ገጽ ሠራልኝ፤ በፍለጋ ከፊት እንድገኝ ብሎም «ጥርስ» የሚለውን ቃል አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አስገባ፤ ሊያሞካሸኝም «በሙያው ጥርሱን የነቀለ» የሚል ጨመረበት። ከገጹ ጀርባ ደግሞ ማሽን ብቻ የሚያነበው ቅጽ አለ፤ ስም፣ አድራሻ፣ የሥራ ዓይነት፣ የሥራ ሰዓት የሚሞላበት። በድርጅትዎ የሥራ ዓይነት ዝርዝር ውስጥ መጋዝ ሞራጅ የሚባል ፍጡር ስላልተገኘ፣ አማቼ ቦታውን ባዶ ተወው፤ ሰዓቱንም ረሳው። ድርጅትዎ ባዶ ቦታ አይወድምና ሁለቱንም ራሱ ሞላልን፦ «የጥርስ ሕክምና፤ ሁልጊዜ ክፍት»። ሌሎች ለዓመታት ተምረው የሚያገኙትን ማዕረግ ሳልጠይቅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ስላጎናጸፉኝ እጅ እነሣለሁ።

፪. ስለ ላኩልኝ እንግዶች። መጀመሪያ የመጣው አንድ ጉንጩ እንደ ኳስ የተነፋ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። በሬ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ አፉን ከፈተልኝ። እኔም እንደ ልማዴ «መጋዙስ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አባባ፣ መጋዝም ያስፈልጋል እንዴ?» ብሎ ብድግ አለ።

ከዚያ ወዲያ ጉንጩን የያዘ ሁሉ ወደ እኔ ሆነ። ሐኪም አለመሆኔን ስነግራቸው «ስልኩ እርስዎ ነዎት ብሏል» ብለው ይሞግቱኛል፤ ከእኔና ከስልኩ ማን ይታመናል? እውነተኛዋ የጥርስ ሐኪም ከእኔ ሁለት መንገድ ርቃ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ባዶ ወንበሯን ስትወለውል ትውላለች። ሥራዬን እያቋረጥኩ አንድ በአንድ እየደገፍኩ ወሰድኩላት። ሰባተኛውን ሳደርስላት አመሰገነችኝና፣ «ሰባት ሰው አምጥተውልኛል፤ ያላመጧቸውስ?» አለችኝ።

፫. ስላላመጣሁት ሰው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። በዕረፍቴ ቀን፣ እያተኮሳቸው፣ ከተዘጋው በሬ ፊት ለፊት ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጠዋል። መጠራጠር ሲጀምሩ ስልካቸውን ደግመው ጠይቀውት ነበር። «አሁን ክፍት ነው፤ ደርሰዋል» አላቸው። ዕድሜ ልካቸውን በትክክለኛ መልስ ያመኑ ሰው ናቸውና አመኑት። ቤታቸው አድረው ተመልሰው ኖሮ፣ በማግሥቱ ልከፍት ስመጣ እዚያው ወንበር ላይ አገኘኋቸው፤ እብጠቱ አንገታቸው ድረስ ወርዶ መናገር አቅቷቸዋል። ተሸክሜ ደረጃውን ወጣሁ። ሐኪሟ አንዴ አየቻቸውና «ይሄ የእኔ አይደለም፤ ሆስፒታል፣ አሁኑኑ!» አለች። አብራን መጣች። አሥራ አንድ ቀን ተኙ፤ ሁለት ጊዜም አንገታቸው ተከፈተ። ግማሽ ቀን ቢዘገዩ ኖሮ ትንፋሻቸው ይቋረጥ እንደነበር የሆስፒታሉ ሐኪሞች ነገሩን።

እዚህ ላይ ለእርስዎ የሚሆን ምስጋና ልጽፍ ሦስት ጊዜ ብዕሬን አነሣሁ። አልመጣልኝም። ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

፬. ስለ ፈጣን ምላሽዎ። ስህተቱ እንዲታረም ከአማቼ ጋር ሆነን አሥራ አራት ጊዜ አመልክተናል። ሐኪም አለመሆኔን የሚያስረዳ ፎቶ በተጠየቅሁ ጊዜ መጋዝ ይዤ ተነሥቼ ልኬአለሁ። «ስለ ንቁ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ደረሰኝ። ከወር በኋላም ማስተካከያው ተደረገ፤ ድርጅትዎ ሱቄን «በቋሚነት ተዘግቷል» ብሎ አወጀ። ሁለት የዱሮ ደንበኞቼ ሚስቴን ሊያጽናኑ ፊታቸውን አጥቁረው ሲመጡ፣ ሟቹን ሞረድ ይዞ አገኙት። አንደኛው የደነዘ መጋዙን በብብቱ ሸጉጦ ነበር፤ ኀዘኑ ልባዊ እንደነበረ ግን አልጠራጠርም።

መምህሩ ድነዋል። ድምፃቸው ግን ሰልሎ ቀርቷል፤ እኛ ጠጋ ብለን እንሰማቸዋለን፤ ስልካቸው ግን «አልሰማሁም፣ እባክዎ ይድገሙ» ከማለት በቀር አይመልስላቸውም። ባለፈው ሳምንት ጠመኔ ይዘው መጡና፣ በዚያ በሰሌዳ በለመደ እጃቸው በሬ ላይ እንዲህ ጻፉ፦ «እዚህ የሚሞረደው የመጋዝ ጥርስ ነው። የሰው ጥርስ፦ ሁለት መንገድ ወደ ግራ፣ ሁለተኛ ፎቅ።» ሐኪሟም መጥታ አነበበችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሬ ላይ ጉንጩን ይዞ የተቀመጠ ሰው የለም።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በየስልካችን ውስጥ ያስቀመጧት ያቺ ድምፀ መልካም ሠራተኛዎ፣ የማታውቀውን ስትጠየቅ «አላውቅም» እንድትል ቢያስተምሯት። አጭር ቃል ነው፤ መምህሩም አነባበቡን ሊያስጠኗት ፈቃደኛ ናቸው።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ሙያዬን ስለለወጡልኝ፣ በኋላም ከነሕይወቴ ስለቀበሩኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣

ታዛዥዎ
መጋዝ ሞራጁ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ የወጣው ልዳፈርዎ ፈልጌ አይደለም። በቀጥታ ልልክልዎ አስቤ ስምዎንና አድራሻዎን ሠራተኛዎን ብጠይቃት፣ ሳታመነታ «አላውቅም» አለችኝ። ቃሉን ለካ አስተምረዋታል።