በሩ ወደ ነፋስ የዞረው የማዋለጃ ክፍልና አሥራ አንዱ ቆርቆሮዎች

ለተከበሩ ኢንጂነር ታዲዮስ
የጤና ጣቢያችን ግንባታ ጠቅላላ ተቋራጭ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የወይዘሮ የትምወርቅ አውድማ ላይ ያረፉ ቆርቆሮዎች ባለቤት እንዲያገኙ ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ መኪናዎ፣ የመኪናዎ ማሞቂያና ከደብረ ብርሃን ወዲህ ከትከሻዎ የማይወርደው ጋቢ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኛ መንዞች ከነብርዳችን፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን። እኔ አመተሥላሴ ተገኘ እባላለሁ፤ በኮንስትራክሽን ዲፕሎማ በተመረቅሁ በስድስተኛው ወር ከሰባት ግንበኞች ጋር በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቼ፣ ለሦስት ቀን ሙሉ የእርስዎ ንዑስ ተቋራጭ የመሆን ክብር አግኝቼ ነበር። ስለዚህም ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. የግንበኞቻችን አውራ ጋሼ ገብረየሱስ የማዋለጃው ክፍል በር በምሥራቅ በኩል መቀየሱን አይተው፣ «ጌታው፣ እዚህ አገር ቤት ጀርባውን ነው ለነፋስ የሚሰጥ» ባሉዎት ጊዜ፣ ለምረቃው የሚመጡት እንግዶች ከመኪና ሲወርዱ በሩን ፊት ለፊት ማየት እንዳለባቸው በትዕግሥት ስላስረዱን እናመሰግናለን። እውነቱን ለመናገር እኔም ዲፕሎማዬን ገና ከፖስታው ያላወጣሁ ነበርኩና፣ ፕላኑን አምኜ ጋሼን ዝም ይበሉ ብያቸዋለሁ። እሳቸው ይቅር ብለውኛል፤ ነፋሱ ግን አላለንም።

2ኛ. የበሩን ነገር በጽሑፍ ይወስኑልን ብለን ስንጠይቅዎ፣ በጽሑፍ ስላሰናበቱን እናመሰግናለን። «ሙያ የሌላቸውና ሥራ አጓታች» የሚለው ደብዳቤዎ ጉልበቱ የሚደነቅ ነው። ለሞላሌው የትምህርት ቤት አጥር ለመወዳደር እኛ በሚኒባስ ስንሄድ እሱ በፋክስ ቀድሞን ደርሷል። በመሐል ሜዳ ከተማም እንዲሁ። ሰባት ግንበኞች መዶሻቸውን ጠቅልለው እቤታቸው ከተቀመጡ እነሆ አራተኛ ወራቸው ነው።

3ኛ. የእኛን ሥራ ለአራት ንዑስ ተቋራጮች ስላከፋፈሉልን እናመሰግናለን፤ ጥፋትም ለአራት ሲከፈል ለማንም አይደርስም። የጥር ነፋስ እንደ ተጋባዥ እንግዳ በዋናው በር ገብቶ፣ ክፍሉን ጎብኝቶ፣ በጣራው ሲወጣ አሥራ አንድ ቆርቆሮ ይዞ ወጣ። ባለግድግዳው «ጣራውን ጠይቁ» አለ፤ ባለጣራው «በሩን ጠይቁ» አለ፤ ባለበሩ «እኔ ሠራሁት እንጂ አላዞርኩት» አለ፤ አራተኛው የቀለም ሰው ስለሆነ ቀለሙ አለመነቀሉን አሳይቶን ሄደ። እርስዎም ንዑስ ተቋራጮቹን ጠይቁ ብለው ጻፉልን።

4ኛ. የጤና ጣቢያው ጎረቤት ወይዘሮ የትምወርቅ ቆርቆሮዎቹ አውድማቸው ላይ ሲወድቁ ከሞት የተረፉ ሴት ናቸውና፣ «ጣራውን የመታው ይምጣ፣ እኔ ነኝ ብሎ ይፈርምና ይውሰድ፤ ነገ ራሴ ላይ ቢመጣ ማንን ልጥራ?» ብለዋል። አራቱም ተራ በተራ መጥተው እስክሪብቶውን አይተው ተመለሱ። እርስዎም አንድ ቀን መጥተው የመኪናዎን መስኮት ዝቅ አድርገው አዩ፤ ከዚያም መስኮቱን ከፍ አድርገው ሄዱ።

የምንለምንዎ አንዲት መስመር ብቻ ናት። «ሙያ የሌላቸው ያልኩትን ስቤያለሁ» ብለው ይጻፉልን። እኛ በዚያው ቀን ለቆርቆሮዎቹ እንፈርማለን፤ በሩንም ወደ ምዕራብ አዙረን ክረምት ሳይገባ ጣራውን እንመታለን። ስማችን ይመለስልን እንጂ የምረቃው ጭብጨባ ለእርስዎ ይሁን።

በዓለም ላይ ያለ በር ሁሉ በተመቸዎት በኩል ይከፈትልዎ ዘንድ የምትመኝ፣ ለሦስት ቀን የቀጠሯት፣

አመተሥላሴ ተገኘ
ቀየት፣ የካቲት 2004 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለአራቱ ንዑስ ተቋራጮች (ደብዳቤ መቀበሉን የሚፈርም ከተገኘ)
ለነፋሱ (በዋናው በር በኩል)

ማስታወሻ፦ ቆርቆሮዎቹ መሬት ላይ ዝገው እንዳይጠብቁዎ፣ በወይዘሮ የትምወርቅ ፈቃድ በበጎቻቸው ጋጣ ላይ በአደራ አኑረናቸዋል። የመቷቸው ያው ሙያ የሌላቸው ጋሼ ገብረየሱስ ናቸው፤ የጋጣው በር ወደ ምዕራብ ነው። ሦስት ሳምንት ሲነፍስ አንዱም አልተንቀሳቀሰም። እናቶቻችን ዛሬም ለመውለድ በቃሬዛ መሐል ሜዳ ይወርዳሉ፤ በማዋለጃ ክፍልዎ ቆርቆሮ ሥር ግን ትናንት አንዲት በግ መንታ ወልዳ፣ ሦስቱም ደኅና ናቸው።