የአርያም ሦስት አንዶች

ሚያዝያ 20
ቂርቆስ ጀርባ፣ ያው ገበያ። ሎሚና ቃሪያ። ሎሚውን ስድስት ስድስት አድርጌ በመደብ ደረደርኩ። ጎረቤቴ ወርቄ አንዱን መደብ ወደ ዘንቢሏ አስገለበጠችኝና አልሄድ አለች።
«ምርቃትስ?»
«የለም።»
«ኧረ በሞቴ! ድሮ ሳንለምንሽ አልነበር የምትጨምሪው?»
ድሮ ልጄ አርያም ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታወርድ «ምርቃቱን እኔ!» ትላለች። ዩኒቨርሲቲ ገብታም አልተወችም። እሷ ካረፈች ወዲህ እጄ እምቢ አለኝ...

ሚያዝያ 23
ግንቦት 12 ሃምሳ ሰባት ይሞላኛል። ለራሴስ ምኔም አይደለም። ግን አርያም ሆስፒታል ተኝታ ያለችኝ ከጆሮዬ አልወጣም።
«እማዬ፣ ሃምሳ ሰባት ሲሞላሽ በእኔ አቆጣጠር አንድ፣ አንድ፣ አንድ ነሽ። ሦስት አንዶች ተሰልፈው! ያኔ ትልቅ ኬክ አለብኝ።»
«መቶ አስራ አንድ ዓመት? ምነው አስረጀሽኝ!»
ሳቀች። ሳሏ ያዛት። «ነገ አስረዳሻለሁ» አለች። በማግስቱ መናገር አቃታት።
ምን ማለቷ ነበር? የመጨረሻ ጨዋታዋ ሳይገባኝ ሊቀር ነው?

ሚያዝያ 30
ለሂባ ደወልኩላት። ከአርያም ጋር ሒሳብ የተማረችው፣ የካዛንቺሷ። የሦስቱን አንዶች ነገር ነገርኳት። እመጣለሁ አለች።

ግንቦት 4
ሂባ ባምቢስ ካለው ቢሮዋ በቀጥታ መጣች። ለቀሚሷ ሳትሳሳ ከጎኔ ድንጋዩ ላይ ቁጭ።
«እትዬ ትበርህ፣ ሃምሳ ሰባት ሎሚ ይቁጠሩ። በመደብ ያድርጓቸው። አንድ መደብ ውስጥ ያለውን ሎሚ ያህል መደብ ሲሞላ፣ እነሱን ሰብስበው ትሪው ላይ።»
አደረግኩ። አንድ ትሪ፣ ሦስት መደብ፣ ሦስት ሎሚ።
«አንድ፣ ሦስት፣ ሦስት... የአርያም እንዲህ አልነበረም።»
«በስንት በስንት ነው የደረደሩት?»
«በስድስት ነዋ! መደብ ስድስት አይደል?»
«ኧረ ማዘር!» በሳቅ ሞተች። «የእሷ በሰባት ነው የሚመጣው። ሰባት ሎሚ አንድ መደብ፣ ሰባት መደብ አንድ ትሪ።»
እንደገና። አንድ ትሪ። አንድ መደብ። አንድ ሎሚ ብቻዋን።
አንድ፣ አንድ፣ አንድ... ዓይኔ ሞላ።
«ግን ለምን በሰባት?»
«ማለቴ፣ በፈለጉት መቁጠር ይቻላል። ሰው በአስር ለመደ እንጂ። እሷ ለምን ሰባትን እንደመረጠች ግን... እኔ እንጃ፣ ለእኔም አልነገረችኝም።»

ግንቦት 5
ለምን ሰባት? የሳምንቱ ቀናት ይሆኑ? አይመስለኝም።

ግንቦት 12
ጠዋት ወርቄ መጣች። ስድስቱን ገለበጥኩላት። ዘንቢሏን እንደከፈተች ቆመች።
«ዛሬም የለም?»
መልስ ልሰጣት ስል የአርያም ትንሽ እጅ ታየኝ። ስድስት በእኔ እጅ... ከዚያ አንድ በእሷ እጅ። ሰባት!
ለእሷ መደብ ማለት ሁልጊዜ ከነምርቃቱ ነበር። ለካ ዕድሜዬን የቆጠረችው በእኔው መደብ ነው። የእኔ ልጅ...
አንዷን ሎሚ አንስቼ ዘንቢሉ ውስጥ ወርወር አደረግኳት። ወርቄ ደንግጣ አየችኝ።
«የአርያም ናት» አልኳት። ትከሻዬን ያዘችኝ።
ከዚያ በኋላ የመጣውን ገዢ ሁሉ መረቅኩ።
ማታ ሂባ ኬክ ይዛ መጣች። ኬኩ ላይ ሦስት አንዶች፣ ሦስቱም የቁጥር ሻማ። ወርቄ ስታይ ጮኸች።
«መቶ አስራ አንድ?! ትበርህ፣ ጥርስሽ እንዴት ሳይረግፍ?»
«ከነምርቃቱ ነው» አልኳት።