ይቅርታውና ፊርማው

ጥቅምት 6፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ዛሬም እግሬ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። ባለቤቴ አልማዝ እንደ ሙሽራ ታጎርሰኛለች። የተሰበረው እግሬ እንጂ እጄ እንዳልሆነ አላስታወስኳትም። ማስታወሻዬ፣ አንተም እንዳትነግራት።
ባለፈው ሐሙስ ነው። ከአማኑኤል ወደ ምን አለሽ ተራ፣ ወደ ሥራዬ። ዝናብ። አልማዝ በስልኳ መኪና ጠራችልኝ። አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ፍሬን እንቢ አለ፤ ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተላተምን። ቅልጥሜ ቋ አለ። ሹፌሩን ዮናስን ምንም አልነካው። ትራፊክ ፖሊስ መዘገበ። ሕይወት አለኝ፤ ተመስገን። ግን ምድጃ የምቀጠቅጠው ላሜራውን በሁለት እግሬ አጣብቄ ነው። በአንድ እግር እንዴት ይሆናል?

ጥቅምት 9
ዮናስ መጣ። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ እንባ። መኪናዋን በብድር ነው የገዛት። እግሬ ሥር ሊወድቅ ሲል ያዝኩት። እኔም አለቀስኩ። አልማዝ ሁለታችንንም ተቆጣች። ይቅር አልኩት፣ ከልቤ። ቀለለኝ። ከዚያ ካርታ ተጫወትን። ሦስቴ አሸነፈኝ! ይቅርታዬን ልሰርዝ ምንም አልቀረኝ።

ጥቅምት 12፣ ከሰዓት
ጋሽ ሙዘይን መጡ። ሱቃቸው ከሱቄ አጠገብ ነው፤ የተራችን ሽማግሌ ናቸው። የእርቅ ወረቀት ይዘዋል። ዮናስ ለሕክምና የአቅሙን ይሰጣል፤ እኔ ደግሞ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» ብዬ እፈርማለሁ። እስክሪብቶ አነሳሁ። አልማዝ ነጠቀችኝ። ሐኪሙ መቼ እንደምትድን ሳያውቅ አንተ በምን አወቅህ? አለች። ጋሽ ሙዘይን ተቀየሙ። ሻዩን ግን ጠጡ።

ጥቅምት 15
ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥበት ቢሮ ሄድን። እኔ በክራንች፣ አልማዝ ከኋላ እንደ ፖሊስ። ጠበቃዋ ወ/ት ሜሮን የልጄ እኩያ ናት። ፈራሁ። ፍ/ቤት የሚለውን ቃል ስሰማ ያልበኛል።
«ጋሼ፣ እርስዎ ተሳፋሪ ነዎት። ጥፋት የለብዎትም» አለችኝ።
ዮናስ የመድን ውሉን ራሱ በስልክ ፎቶ ላከልን። አየችው፤ ተሳፋሪንም ይሸፍናል። መጀመሪያ ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ማመልከት ነው፤ ካልተስማማን ክስ። የትራፊክ ሪፖርት፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የመድኃኒት ደረሰኝ፣ ጉዞው የተመዘገበበት የአልማዝ ስልክ፣ ሁሉም ይቀመጥ አለች። በስልክ ከመኪናው ጋር ያገናኘን ድርጅት «እኔ አገናኝ ብቻ ነኝ» ይላል፤ እሱም ውሉ ታይቶ ይለያል። እርቅ ጥሩ ነው፤ ሕክምናው ሳያልቅ ግን «ጥያቄ የለኝም» አይፈረም።
ለካ ይቅር ማለትና መብትን መተው ሁለት ነገር ናቸው! በክራንች ልጨፍር ምንም አልቀረኝ።

ጥቅምት 19
ሽማግሌዎቹ ቤቴ ተሰበሰቡ። ሁሉም እያየ ዮናስን አቅፌ ሳምኩት። ወረቀቱን ግን አልፈርምም አልኩ። ዮናስ ብድግ አለ።
«እኔስ መድን የምገባው ለጌጥ ነው እንዴ? ይጠይቁ እንጂ፣ ጋሼ!»
ሳቅ። ጋሽ ሙዘይን ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ኅዳር 23
ጀሶው ወጣ! እግሬ ነጥቶ፣ ቀጥኖ፣ የሌላ ሰው መስሏል። አከክሁት። የዓለም ደስታ ይኸው ነው።
የማመልከቻችን መልስም በደብዳቤ መጣ። መድን ድርጅቱ የሕክምናውን ወጪ ልክፈል አለ። ሥራ የፈታሁበትን ግን አይ፤ ገቢው በምን ይታወቃል? መዝገብ የለውም ይላል። እውነት ነው፣ የለኝም። ተከፋሁ። ወ/ት ሜሮን ጋ ደወልን። በሰው ምስክርም ማስረዳት ይቻላል፣ ሁለት ሦስት ሰው ይፈልጉ አለችን።

ኅዳር 24
ተራችን ሄድኩ፣ በከዘራ። ለጋሽ ሙዘይን ብቻ ነው የነገርኩት። ወዲያው መዶሻው ሁሉ ቆመ። ሰባት ሰው እኔ ልመስክር አለ! ማን ይቅደም ብለው ተጨቃጨቁ። አንዱ በቀን ስንት ምድጃ እንደማወጣ ይምላል፤ ሌላው የመዶሻዬን ድምፅ ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ ይላል።
«ስንት ዓመት ያደነቆረው የኔን ጆሮ ነው!» አሉ ጋሽ ሙዘይን። «የመጀመሪያው ምስክር እኔ ነኝ!»
ወሰንኩ። ሰኞ ክሱን አስገባለሁ። አላላበኝም። ለዮናስ ደወልኩለት፤ እንደ ባለመኪና ስሙ ክሱ ላይ እንደሚገባ ነገርኩት። አውቃለሁ፣ ታዲያ እኔው ላድርስዎት አለኝ።
ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ መኪና! አልማዝ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።
እሺ አልኩት።