በእረፍት ቀን ፍሬን የሚረግጥ እግር

እሑድ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018

እኔ ነኝ ጭንቀት ያለብኝ? እህቴ ደግሞ ታበዛዋለች! ከየካ አባዶ መገናኛ ሚኒባስ እንደኔ የሚነዳ ካለ ይምጣ።

ዛሬ እረፍቴ ስለሆነ ሾላ ገበያ አብሬያት ልሂድ ብዬ፣ በሌላ ሰው ታክሲ ጋቢና ተቀመጥን። ሰው በተሻገረ ቁጥር ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጣል። ሾፌሩ አይቶኝ ሳቀ። "ጀለስ፣ ፍሬኑ እኔ ጋ ነው!"

እህቴ ግን አልሳቀችም። "ተኝተህም እንደዚሁ ትረግጣለህ። ጥርስህንም ታፋጫለህ" አለችኝ። ለካ ጠዋት ጠዋት መንጋጋዬን የሚያመኝ ለዚህ ነው።

ለባለመኪናው ደውዬ ነገ አልነዳም አልኩት። እንጦጦን በእግሬ እወጣለሁ፣ ማንም አይቀድመኝም።

ይኸው ይህን ስጽፍም እየረገጠ ነው። አንተ እግር፣ መኪናው ቆሟል እኮ! ታርፋለህ አታርፍም? ቶሎ መልስ!