«ላዩ ሲደርቅ ያጠጡ» ስላሉን

ለከተማችን የአትክልት ልማት ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ በመግቢያዎ ስለተደረደሩት አበቦች ጤንነት ግን አልጠይቅም፤ ባለፈው ስመጣ ዳስሼ እንዳረጋገጥኩት ፕላስቲክ ናቸውና።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የሳይንስ መምህር ነኝ። የረግረጉ አፈር እየተቆፈረ ለችግኝ ማፍያ እንዳይሸጥ መከልከልዎን እደግፋለሁ፤ ረግረግ የውሃ ጎተራ ነው እያልኩ ሳስተምር ኖሬያለሁና። በምትኩ ያደሉንን፣ ከኮኮናት ልጣጭና ከብስባሽ የተቀየጠውን አዲስ አፈርም በምስጋና ተቀብያለሁ። ቅሬታዬ በከረጢቱ ላይ ስላለው ጽሑፍ ብቻ ነው።

አንደኛ፣ የአፈሩን ዓይነት ሲለውጡ መመሪያውን ሳይነኩት አልፈዋል። «ላዩ ሲደርቅ ያጠጡ» የሚለው ለቀድሞው አፈር የተጻፈ ነው፤ አዲሱ ግን ላዩ ቶሎ ደርቆ ውስጡ እንደራሰ ይቆያል። እኔም መመሪያ አክባሪ ነኝና በችግኝ ትሪዎች ዘርቼ ላዩ በደረቀ ቁጥር አጠጣሁ። ችግኞቹ መጀመሪያ ቢጫ ሆኑ፣ ቀጥሎም አንገታቸው ቀጥኖ ተኙ። ስነቅላቸው ሥሮቻቸው በስብሰዋል።

ሁለተኛ፣ የዘራሁት ቲማቲም ባለቤቴ በየዓመቱ ከምርጡ ፍሬ ዘር እየለየች ያቆየችው ነው። እርሷ ባለፈው ክረምት አርፋለች፤ ከእጇ የቀረውም ዘር ያ ብቻ ነበር። ይህን የምጽፈው ለቅሶ እንዲደርሱ ብዬ አይደለም። ምን ተሰማዎት ቢሉኝ፣ ምንም። ትሪዎቹን አጥቤ ገልብጬ አስቀምጫቸዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ይህንኑ ላመለክት ብመጣ የመስኮቱ ሠራተኛዎ «አባባ፣ ዘሩ አርጅቶ ይሆናል» አለኝ፤ ባልደረባውም «ዘሪውስ?» ብሎ ሳቀ። በቅሎ የታየ ዘር እንዴት አርጅቷል እንደሚባል ባይገባኝም፣ ዕድሜዬን በነጻ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ።

ነገሩን የገለጠችልኝ ልጄ ናት። ባዶዎቹን ትሪዎች አይታ «አባዬ፣ እማዬ እኮ ላዩን አይታ አጠጥታ አታውቅም፤ ብድግ አድርጋ ክብደቱን ነበር የምታየው» አለችኝ። ትሪውን በየጠዋቱ ከፍ ዝቅ ስታደርግ ዕድሜ ልኬን አይቻታለሁ፤ ክንዷን የምታፍታታ ይመስለኝ ነበር።

ካሳ አልጠይቅም። ጎረቤቶቼ ጎመናቸውን ሊዘሩ ስለሆነ «ከማጠጣትዎ በፊት ትሪውን ያንሱት፤ ከከበደ ይተዉት» የሚል አንድ መስመር በከረጢቱ ላይ እንዲጨመር ብቻ እለምናለሁ።

ለመመሪያዎ በመታዘዝ እስከ ሥሩ የራሰው፣ ምንጊዜም አክባሪዎ፣
ጡረተኛው መምህር

ማስታወሻ፦ አንዲት ችግኝ ተርፋለች። በዚያው በአዲሱ አፈር፣ እጀታው በተሰበረ የባለቤቴ ኩባያ ውስጥ ዘርቼ ከመጋረጃው ጀርባ ስለረሳኋት መመሪያዎ ሳይደርሳት ቀርቷል። ባለሙያዎችዎ ሊጎበኟት ቢፈልጉ በሬ ክፍት ነው፤ አደራዎን፣ ከረጢቱን እንዳያነቡላት።