በሁለት ወገኑ ስለተቀረጸው የመሠረት ድንጋይ

ሰኔ 15 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ግዛው ምትኩ
(ቀደም ሲል ለተከበሩ ፊታውራሪ ግዛው ምትኩ)
የብሔራዊ ሸንጎ ተመራጭ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ እኔ የመካኒሳው ድንጋይ ጠራቢ ዳኜ ተካ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደህና መሆኔን በአክብሮት እገልጻለሁ። በንጉሡ ዘመን ከሕግ መምሪያ ምክር ቤት ያልታጡት እርስዎ፣ ዛሬም ለሸንጎው ስለተመረጡ እንኳን ደስ አለዎት።

ለመጪው እሁድ የወንዛችን ድልድይ የመሠረት ድንጋይ ስለሚቀመጥ ስምዎን እንድቀርጽ በቀበሌ በኩል የላኩት ትእዛዝ ደርሶኛል። ሳላመሰግን መዶሻ ማንሣት ነውር መስሎ ስለታየኝ ግን አስቀድሜ ይህን ጻፍኩ።

፩ኛ፦ በ1957 ዓ.ም. ለምርጫ ሲወዳደሩ ይህንኑ ድንጋይ አስጠርበውኝ በእልልታ ስላስቀመጡት አመሰግናለሁ። ከተመረጡ በኋላ የጭሰኛው ጉዳይ በምክር ቤቱ በተነሣ ቁጥር፣ አባቶቻችን ያቆዩት ነገር አይነካም ብለው ሽንጥዎን ገትረው መከራከርዎን ሰማን። ወንዙንም ያቆዩልን አባቶቻችን ናቸውና አልነኩትም።

፪ኛ፦ በነሐሴ 1959 ባለቤቴ ማሚቴ ልጃችንን አፀደን ወልዳ ደሟ አልቆም ሲል፣ ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ሐኪም ቤት ሳላደርሳት ዳር ላይ እቅፌ ውስጥ አረፈች። ለልቅሶው ተነሥተው መጥተው፣ ውሃው አላሻግር ቢልዎት ከማዶ ባርኔጣዎን አንሥተውልን ስለተመለሱ አመሰግናለሁ። ያችን ባርኔጣ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

፫ኛ፦ ፊታውራሪነቱ ቀርቶ ጓድ የሆኑ ጊዜ፣ በ1971 ዓ.ም. ድንጋዩን አስገልብጠው በጀርባው በአብዮቱ ስም አዲስ ጽሑፍ ስላስቀረጹኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የንጉሡ ዘመን ወደ መሬት፣ የአብዮቱ ወደ ሰማይ ዞረ። የእርስዎ ስም ግን በሁለቱም በኩል በትልልቅ ፊደል አለ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ድንጋይ ሦስተኛ ወገን የለውም። አፀደም ነፍሰ ጡር ናት፤ ቀኗም የሚደርሰው በዚያው በነሐሴ ነው። እፈራለሁ፤ ይህን ለማንም አልደብቅም። ስለዚህ እሁድ ሲመጡ ሪባኑንና መቀሱን ትተው አራት ጠንካራ ግንድ ቢያስጭኑልን፣ ድልድዩን እኔና ጎረቤቴ ግንበኛው ሁንዴሳ እስከ ማታ እንዘረጋዋለን፤ ንግግርዎንም በላዩ ቆመው ሊያሰሙን ይችላሉ።

ከአንድ መንግሥት ወደ ሌላው እግርዎ ሳይርስ የሚሻገሩበትን ጥበብ ለሰፈራችንም እንዲያካፍሉን በመማጠን፣ ድንጋይዎን ሁለት ጊዜ የቀረጸውና ሦስተኛውን የማይቀርጸው ትሑት አገልጋይዎ፣

ዳኜ ተካ

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ

ሳልረሳው፦ እሁድ ድንጋዩን ከቦታው ቢያጡት እንዳይደነግጡ። ግንዱን ስንጠብቅ ክረምቱ እንዳይቀድመን ሰግተን፣ ትናንት ከጎረቤቶቼ ጋር አንከባለን ወንዙ መካከል ለመረማመጃ አጋድመነዋል። አፀደም ውሃው ሳይሞላ ዛሬ ጠዋት ረግጣው ተሻግራ፣ ሐኪም ቤቱ አጠገብ አክስቷ ቤት ገብታለች። የትኛው ወገን ወደ ላይ ይሁን በሚለው ግን ብዙ ተከራክረን ነበር፤ ንጉሡን ወደ ላይ ማዞር ያሳስራል፣ አብዮቱን መርገጥ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በመጨረሻ ንጉሡንም አብዮቱንም በመሮ ፍቄ አጥፍቼ የእርስዎን ስም ብቻ ተውኩት። ፊደሉን ያኔ ጠለቅ አድርጌ መቅረጼ በጅቶናል፤ እግር አያንሸራትትም።