መካከል የቆምኩባቸው ፎቶዎች

ይድረስ ለእህቴ ለሉዋ፣

ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቶኛል። ቢሆንም ሩዜን ራሴ እቀቅላለሁ፣ ጓሮዬን ራሴ እኮተኩታለሁ፣ ይህንንም የምጽፈው ራሴ ነኝ፤ ፊደሉ ቢጣመም እንዳትስቂ። አንቺስ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ የልጅ ልጆችሽ ደህና ናቸው ወይ? የደቡብ ሙቀትስ አልጨረሳችሁም? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነችው ልጄ ሚየን ናት።

ጉበቷ ነው። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤቷ ትሁን፣ ደስ ያላትን ታድርግ ብለው ሸኟት። ደስ የሚላት ምን ሆኖ ተገኘ መሰለሽ? ቅዳሜና እሁድ ሃኖይ ሄዶ ፎቶ መነሳት! ባሏ ኩየት በመኪና ወሰደን። ልጃቸው ሃ ፈተና አለብኝ ብላ ስለቀረች ሦስት ሆንን።

ሚየን ፎቶ ላይ የጦር አዛዥ ናት። በቀትር አታነሳም፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ የሰው ዓይን ጉድጓድ ይመስላል ትላለች። ጎህ ሲቀድ ቀስቅሳ ከተማው መሃል ያለው ሐይቅ ዳር አቆመችን። “አባዬ፣ ለፀሐይዋ ጀርባህን አትስጣት፤ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረህ ወጣህ” አለችኝ። “ድስቱ ዱሮም ጥቁር ነው” ብላት ሳቀች፤ ሳቁ ግን ጎኗን አስያዛት።

ከዚያ ሦስታችንን እንድታነሳን ስልኩን ለአንዲት መንገደኛ ሰጠች። እናታችን ሦስት ሰው ፎቶ ሲነሳ መሃል የቆመው አስቀድሞ ይሞታል ትል የነበረውን መቼም አትረሺውም። ሚየን መሃል ልትቆም ስትል ገፋ አድርጌያት ገባሁ። የሐይቁ ድልድይ ላይም፣ ማዶ ያለው ቤተ መቅደስ በር ላይም እንደዚያው አደረግሁ። “አባዬ ደግሞ፣ ሁሌ መሃል! ሙሽራ ነህ እንዴ?” አለችኝ። “የሽማግሌ ቦታው መሃል ነው፤ ዝም ብለሽ ቁሚ” አልኳት። ኩየት ገብቶት አቀረቀረ።

እሁድ ጠዋት ረጅሙን የሐር ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። ሰው የማያልፍበት ቢጫ ግንብ መርጣ ተደገፈችና ባሏን “ከትከሻዬ በላይ ብቻ፣ ፊት ለፊት” አለችው። ሉዋ፣ ሽርሽር የሄደ ሰው እንዲህ አይነሳም። እንዲህ የሚነሳው ሰው ሲሞት ቤቱ ውስጥ የሙታን መሠዊያ ላይ ተቀምጦ ዕጣን የሚጨስለት፣ ቤተሰብ የሚሰግድለት ፎቶ ነው። ደሜ ፈላ። ሄጄ አጠገቧ ተገተርኩ። ኩየት “አባባ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን” ቢለኝ “አልልም!” አልኩት።

ሚየን አልጮኸችም። “አባዬ፣ እማዬ ስትሞት ፎቶ አጥተን የመታወቂያዋን አስጎልተን አስቀመጥን። ያቺ ሴትዮ እናቴን ትመስላለች? አንተስ ታውቃታለህ? ሃ ለማታውቃት ሴት እንድትሰግድ አልፈልግም” አለችኝ።

ከአጠገቧ ዞር አልኩላት። ኩየት ስልኩን ደጋግሞ አንስቶ ሲያወርደው ነጥቄው ራሴ አነሳኋት። “ቀረብ በል፣ አትፍራኝ” አለች፤ ቀረብኩ። አገጭሽን ቀና አድርጊ አልኳት። ፎቶው አምሯል፣ ቁርጥ ራሷን ነው። ባያምር ይሻለኝ ነበር።

ለባልሽ፣ ለታላቁ ልጅሽ ለቲየፕ፣ ለምራትሽ ለንጋ፣ ለሕፃናቱም በየስማቸው ሰላም በይልኝ። ኩየትና ሃ እጅ ነስተዋል። ሚየን “አክስቴ አታልቅስ” ብላለች።

ገንዘብ እንዳትልኪ። የኩየትን ቤንዚን እኔ እከፍላለሁ። ለፎቶ አጣቢውም፣ ለክፈፉም የምከፍለው እኔው ነኝ። ቀኗ ከእኔ ቀን ከቀደመ ደግሞ፣ ወላጅ ለልጁ አይሰግድም የሚሉት የመንደሩ ሽማግሌዎች ያሻቸውን ይበሉ፤ የመጀመሪያዋን የዕጣን እንጨት ለኩሼ፣ በጉልበቴ ወድቄ የምሰግድላት እኔ ነኝ። ያንን ዕዳ ማንም እንዳይከፍልልኝ።

ታላቅ ወንድምሽ ኮአት
ናም ዲን፣ በዶሮ ዓመት፣ በዘጠነኛው የጨረቃ ወር፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን